ለሰልዋ የላክኸው እጀታ

ልጄ ሀፊዝ፣ አላህ በሰው አገር ከክፉ ሁሉ ይጠብቅህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ የኮምቦልቻም ሙቀት ቀለል ብሏል።

ለእህትህ ለሰልዋ የላክኸው በኮምፒውተር አውሮፕላን ማብረር የሚለማመዱበት እጀታ ደረሰ። «ዓይንሽ ደካማ ነው» ብለው ከአብራሪነት ትምህርት ከመለሷት ወዲህ ፊቷ ሲፈታ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሰካችው፤ ሞተሩ ጉልበት እንዲያገኝ ወደፊት ብትገፋው ግን ስክሪኑ ላይ ያለው አውሮፕላን ንቅንቅ አላለም። ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ድረስ ለጥገና ወሰድነው፤ ጠጋኙ «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም» ብሎ መለሰን።

«እማ፣ ይሄም እምቢ አለኝ» ብላ በሻሽ ሸፈነችው። እኔ ምን አውቄ ልርዳት? ሽቦውን ይዤ ቆሜ ቀረሁ። አሁን እውነተኛው አውሮፕላን በቤታችን ላይ ሲያልፍ መስኮቱን ትዘጋለች።

አላህ በሰላም ያገናኘን ልጄ። ስትደውል የእኔን ጤና ተወውና እሷን አስጠራት፤ ዝም ብትልህም ስልኩን አትዝጋባት።

እናትህ ኡሙሰልማ