ያላነበብኩት ግማሽ ገጽ

ሮማ፣ 1971 ዓ.ም.

ሰኞ፣ ኅዳር 4
ዋሸሁ። ያውም ለመነኩሲት።

በረኛ በሆንኩበት ገዳም መጻሕፍቱን የሚይዙት መነኩሲት ሱዎር ሉቺያ ከአሮጌ ሣጥን የአማርኛ ደብተር አግኝተው ያስነብቡኛል። የጻፈው የእኛ አገር ሰው ነው፤ በልጅነቱ ተሸጦ፣ ኋላ ነጻ ወጥቶ፣ እዚህ ሮማ «ባርነት ይቅር» እያለ ሲጽፍ የኖረ። ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው። እኔ አነባለሁ፣ በተሰባበረ ጣልያንኛዬ እነግራቸዋለሁ፣ እሳቸው ይጽፋሉ።

ዛሬ እንዲህ የሚል መጣ፦ እናቴ ያወጣችልኝን ስም ጣሉት። ጌታዬ «ምስጋናው ለማን?» ብሎ ሲጣራ፣ የትም ብሆን «ለፈጠረን!» ብዬ መድረስ ነበረብኝ። ስሜ ይኸው ነበር። የዘገየሁ ዕለት ጅራፍ።

ጥሪውንና መልሱን ብቻ ነገርኳቸውና «ጸሎት ነው» አልኩ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 5
ለምን እንደዋሸሁ አውቃለሁ። አባቴ ቤት አንዲት ሴት ነበረች። አባቴ «ማን ሰጠ?» ሲል ከጓዳ «እግዜር ሰጠ!» ብላ ትወጣለች። እኔም እጠራት ነበር። ስምንት ዓመት ቢሆነኝ ነው። አንዳንዴ ለምንም አይደለም፣ ስትሮጥ ለማየት። አዝላ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

ሚስቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «እናንተ ቤት ባሪያ ነበረ እንዴ?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። «ዘመዶች ናቸው» አልኳት። እንዳመነችኝ ሞተች።

ግን እኮ ጥሪው የእግዜር ስም አለበት። የእሱ ስም ያለበት ነገር እንዴት ክፉ ይሆናል? አላውቅም። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው።

ረቡዕ፣ ኅዳር 6፣ ቁስቋም
ጉድ ፈላ። ሱዎር ሉቺያ እየሳቁ መጡ። «ሲኞር ገብሬ፣ ያቺን ጸሎት እመምኔቷ ወደዷት! እሑድ በቅዳሴ እሳቸው ‹ምስጋናው ለማን?› ይላሉ፣ እኛ ‹ለፈጠረን› እንላለን።»

«ቫ ቤኔ» አልኩ፤ እሺ ማለቴ ነው። ቫ ቤኔ! ምላሴ ይቆረጥ።

ዳዊት ከፈትኩ፤ ያነበበው ዓይኔ ብቻ ነው። ዝም ብልስ? ሰውዬው ሞቷል። እነሱም የሚያመሰግኑት ፈጣሪን ነው። ማን ይጎዳል?

ከደብተሩ ገጽ ግርጌ ግን «ከእንግዲህ ማንም በዚህ እንዳይጠራኝ» ይላል። ያንንም ዘልዬዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 7
ደጁን ስጠርግ ሲለማመዱ ሰማሁ። እመምኔቷ ጠሩ፣ ሃያ መነኩሲት በአንድ አፍ መለሱ። ድምፃቸው ያምራል። እሱ ነው የባሰብኝ።

ልናገር ሄድኩ። ስለተደፈነው ቱቦ አውርቼ ተመለስኩ።

የነፍስ አባት በአጠገቤ የለ፣ ማንን ልጠይቅ?

ዓርብ፣ ኅዳር 8
ለሱዎር ሉቺያ ነገርኳቸው። ገጹን ከላይ እስከ ታች፣ ሳልዘል። ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«ጸሎት ነው ያሉኝ እኮ እርስዎ ነዎት!»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

የአባቴን ቤት ነገርኳቸው። ስትሮጥ ለማየት እንደምጠራትም። ፊታቸው ቀላ። ይቆጡኛል ስል፣ «ስሟ ማን ነበር?» አሉኝ።

ስሟን አላውቀውም። አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም።

የእሑዱ ቀርቷል። እመምኔቷ አኩርፈውኛል፤ ይሁን።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 9
ደብረ ብርሃን ላለችው እህቴ ጻፍኩ። ዘንድሮ አገር ቤት የሚገባ ደብዳቤ በመንግሥት ይከፈታል ይላሉ። ይክፈቱት፤ የምጠይቀው የአንዲት ሴት ስም ነው። እህቴ «ይህን ምን አስነሳብህ?» ማለቷ አይቀርም።

ሴትዮዋ በሕይወት ብትኖርስ? ሰባ አምስት ይሆናታል። ሄደው «ገብሬ ስምሽን ይጠይቃል» ሲሏት ምን ትላለች? ትስቅ ይሆን? ታለቅስ ይሆን?

ወይስ «ለሱ አልነግረውም» ትላለች? ትበል። መብቷ ነው።