በሦስት ቤት የተቀመጠው ፋይል

ይድረስ ለባሌ ለሞላ።

እንደምን አለህ አልልህም። እኔ ከንዴት በቀር ደህና ነኝ። ከተለየኸኝ ሰባት ወር ሆነ። መንፈቅህን ስናወጣ ካህናቱ በክርስትና ስምህ ሲጠሩህ ዘመድ ሁሉ አለቀሰ፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ ቆምሁ። ልቧ ድንጋይ ነው ያለኝ አይጠፋም። ይበል። ከአንተ ጋር እየተጣላሁ ስለነበር ለማልቀስ ጊዜ አልነበረኝም።

ወረታ ያለው ሱቅህ፣ ያ ማመልከቻ ስትጽፍበት የኖርኸው፣ አሁን ጫማ ይሸጥበታል። ላፕቶፕህን ወደ ቤት አምጥቼ ጋቢህን አልብሼዋለሁ። ክረምቱ ገብቶ ሜዳው ላይ ውኃ ተኝቶበታል፤ ሩዙ ግን ደህና ይዟል። የቤቱ ወሬ ይኸው ነው። አሁን ወደ ጠባችን ልምጣ።

አባቴ መሪጌታ ዕድሜ ልካቸውን ሲቀኙ አንዱንም ወረቀት ላይ አላሰፈሩም። ቅኔ የዕለቱ ነው ይሉ ነበር። አንተ ግን ነዝንዘህ ነዝንዘህ እሺ አሰኘሃቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ላፕቶፕህን በፌስታል ጠቅልለህ እሳቸው ዘንድ ቁሐር ሚካኤል ወረድህ፤ እሳቸው አሉ፣ አንተ ጻፍህ። እስከ ጉልበትህ ጭቃ ሆነህ ስትመለስ ልብስህን የማጥበው እኔ ነበርሁ፤ አጉረመርምም ነበር። አንተ ደግሞ እግርህን እንኳ ሳትታጠብ የዕለቱን ቅኔ ታነብልኝ ነበር። ግእዙ ባይገባኝም ድምፅህን እሰማ ነበር፤ ይህን አልክድም።

ዛሬ አባቴ ሁሉን ረስተዋል። እኔን በእናቴ ስም ይጠሩኛል። አንድ ነገር ብቻ አልረሱም፤ ያ ልጅ የጻፈልኝ የት ደረሰ እያሉ ይጠይቃሉ። ታመህ ተኝተህ ሳለ ስጠይቅህ ሦስት ቤት ነው ያስቀመጥሁት፣ አትስጊ አልኸኝ። እኔ ሞኟ አልሰጋሁም።

ላፕቶፕህን ስከፍት ያገኘሁት አንድ የታመቀ ፋይል ነው፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ቁጥር አለበት። ብነካው ብነካው አልከፈትም አለ። ወረታ ስልክና ኮምፒውተር የምትጠግነው ሐያት ዘንድ ወሰድሁት። አየችውና ፋይሉ ሦስት ቦታ ተቆርጧል፣ ሁለቱ ቁራጮች ካልመጡ ይህ ብቻውን ምንም አይደለም አለችኝ። ምን እንደሠራህ ያኔ ገባኝ። ዘር አደረግኸው! ውኃ ጎተራ ከገባበት ዓመት ወዲህ እናትህ የዘር ሩዛቸውን ሦስት ቤት ያስቀምጡ የለ? አንዱን ጎርፍ ቢወስደው በሁለቱ እንዘራለን ይሉ የለ? አንተም የአባቴን ቅኔ እንዲያ ከፋፍለህ በተንኸው። ሞላ፣ የዘር ሲሶው ቢጠፋ የቀረው ይበቅላል። የዚህ ግን ሲሶው ከጎደለ የቀረውም የለም። ሐያት ስነግራት ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ መንገድ ለመንገድ ሰው እስኪያየኝ ድረስ ስሰድብህ ሄድሁ።

ሁለተኛውን ቁራጭ ከሣጥኔ፣ ከጋብቻ ወረቀታችን ሥር፣ በፍላሽ አገኘሁት። ሦስተኛው የት እንዳለ ለማወቅ ጠንቋይ አያሻም፤ ይፋግ፣ ወንድምህ ዘውዱ ቤት ነው። አገር ሞልቶ እሱ ቤት! ለቅሶህ ላይ በሰው ፊት ተነሥቶ ሐኪም ቤት ያደረሰችው ዘግይታ ነው ያለኝ ሰው ቤት። ሐኪም ቤት አልሄድም ብለህ ሦስት ቀን የተኛኸው አንተ፣ ወቀሳውን የተሸከምሁት እኔ። ደጁን ሁለተኛ አልረግጥም ብዬ ምዬ ነበር። አንተን ይቅር ያላልሁህም በዚህ ነው፤ ስለሞትህ ሳይሆን እንቢ ብለህ ስለሞትህ።

አባቴ ሲጠይቁኝ መስማት ቢያቅተኝ መሐላዬን አፍርሼ ሄድሁ። ዘውዱ ፍላሹን ከጓዳ አውጥቶ ባዶ ነው አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ። ምንነቱን ሳያውቅ የልጁን የሠርግ ፎቶ ሊያስጭንበት ብሎ በውስጡ የነበረውን ሰርዞታል። ልረግመው አፌን ከፍቼ፣ ፎቶውስ አልሁት። ሠርጉ አልተደረገም። የወንድሜ አፈር ሳይደርቅ ከበሮ አላስመታም ብሎ ለከርሞ አሳልፎታል። ሰባት ወር ሙሉ ስጠላው ይህን የነገረኝ የለም፤ ስሙን ለሚያነሣ ሰውም ፊት አልሰጠሁም። ያቀረበልኝን ቀመስሁ። ፍላሹን ይዤ ወደ ወረታ ተመለስሁ።

ሐያት፣ ሌላ ነገር ካልተጻፈበት የተሰረዘው ገና አለ አለችኝ። የጠፋ ፋይል የሚመልስ ፕሮግራም ከፍታ ስታስፈትሸው ዋለች። አሥር ሰዓት ላይ ተገኘ። ሦስቱን አንድ ላይ አድርጋ ስትከፍተው የአባቴ ቅኔ ገጽ በገጽ ወረደ። ዘውዱ ሠርጉን ደግሶ ቢሆን ኖሮ ፎቶው ተጭኖበት ጠፍቶ ይቀር ነበር። ቅኔውን ያተረፈው የአንተ ሐዘን ነው። ይህንንም ሳስብ እናደዳለሁ።

ለአባቴ አነበብሁላቸው። ሦስተኛው ቅኔ ላይ በከዘራቸው መሬቱን መትተው ንባቤን አረሙኝ፤ ከዚያ ከእኔ ነጥቀው በቃላቸው ጨረሱት። የልጃቸውን ስም የረሱት ሰው! ሲያበቁ ያ ልጅ ዛሬ ለምን ቀረ አሉኝ። ቅዳሜ ነበር። ሰባት ወር የያዝሁት እንባ ያኔ መጣ፤ አልከለከልሁትም።

አሁንም ቅኔው ሦስት ቤት ነው ያለው፤ እኔ ጋ፣ ቁሐርና ይፋግ። ግን በሦስቱም ቤት ያለው ሙሉው ነው፤ ማንም ቢከፍተው ይከፈታል። ለከርሞ ሠርጉ ላይ እገኛለሁ። ዘውዱ ደግ ደግህን ሲያወራ እኔ እንቢታህንና ድብቅነትህን እጨምርበታለሁ፤ ጭቃህንም፣ ያነበብህልኝንም። አንተን ቆርጬ አላስቀምጥህም፤ ባስታወስሁህ ቁጥር ሙሉህን ነው።

ገና ያልታረቀችህ ሚስትህ፣
የሺ