ከአደን ቦርሳህ የመረጥኩት

ታዴዬ፣

ከተለያየን መንፈቅ አለፈን። ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኛ ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንተ ውሸቴን ከድምፄ ለይተህ ታውቅ ስለነበር እውነቱን ልንገርህ፣ ተናድጃለሁ። ሥራ ቦታ ወደቀ ብለው ሲደውሉልኝ ከሳን ሆዜ ኦክላንድ ድረስ በ880 አውራ ጎዳና መኪና በመኪና ላይ ተደርድሮ፣ እኔ መሪ ጨብጬ ስጮህ፣ አንተ ሳልደርስብህ ሄድክ። ያ መንገድ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ንዴቱ ግን ከለቅሶው ይሻለኛል፤ ቢያንስ ከአልጋ ያስነሳኛል።

የሳን ሊያንድሮው ቤታችን እንዳለ ነው። ልጅህ ቤቲ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ቶዮታህን ትነዳለች። የመልእክት መቀበያ ቢፐርህ ከቁልፎቹ ጎን እንደተሰቀለ ነው። ጋራዡን ግን የከፈትኩት ገና የካቲት ላይ ነው። ወንድምህ ጋሽ መኮንን ከኤል ሴሪቶ መጥተው የአደን ዕቃህን ልውሰደው አሉኝ። ጠመንጃ ለአንቺ ምን ያደርግልሻል፣ ለፋሲካውም አታስቢ፣ ዶሮሽን እኔው አርጄ አመጣልሻለሁ አሉ። ደግ ሰው ናቸው፤ ለክፋት እንዳላሉት አውቃለሁ። ግን በዚህ ቤት ፋሲካ ማለት አንተ ከኮረብታው ተሸክመህ የምትመጣው የዱር ተርኪ፣ ያ ከዶሮ ብዙ እጥፍ የሚገዝፈው ወፍ ነበር። አንተን ቀብሬ፣ ዕቃህን አስረክቤ፣ ሌላ ሰው ያረደልኝን ዶሮ ተቀብዬ እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ? እምቢ አልኩ። ዕቃውም ከዚህ አይወጣም፣ ተርኪውንም እኔ ራሴ አመጣዋለሁ አልኳቸው። ስናገር እኔም ደነገጥኩ። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

የአዳኞች ክላስ ገባሁ፣ ላይሰንስ አወጣሁ። አስተማሪው ለተርኪ አደን የማይለበሱ ቀለሞችን ሲዘረዝር ቀይ፣ ነጭ፣ ሰማያዊ፣ ጥቁር አለ። የወንዱ ራስ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው፣ አካሉ ደግሞ ከሩቅ ጥቁር ይመስላል፤ እነዚህን ለብሶ ቁጥቋጦ ውስጥ የሚንቀሳቀስን ሰው ሌላ አዳኝ ተርኪ መስሎት ሊተኩስበት ይችላል። እኔ ከሻሽ እስከ ጫማ ጥቁር ለብሼ ፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። ክፍሉ ሙሉ ዞሮ አየኝ።

ከዚያ ቦርሳህን ወለሉ ላይ ገለበጥኩት። ታዴ፣ አንተ እኮ ለአንድ ወፍ ቤት የምትለቅ ነበር የምትመስለው! ሁለት ታጣፊ ወንበር፣ ትልቅ ፔርሙስ፣ ወፉን በድምፅ የሚያታልል ሦስት ዓይነት መጥሪያ፣ ወንዱን ማማለያ የፕላስቲክ ሴት ተርኪዎች፣ ለተራራ የሚሆን ከባድ ቦት። አፍ ውስጥ የምትገባዋን መጥሪያ ወዲያው መሳቢያ ውስጥ ወረወርኳት። በሷ ስንት ጠዋት ሻወር ቤት ገብተህ እንደ ሴት ተርኪ እየጮህክ ጎረቤት አስቀህብናል! የእንጨቷን ሳጥን ግን ያዝኩ፤ ክዳኗን ሲፈትጓት ራሷ ትጣራለች። ሾትገንህን፣ ጥቂት ጥይት፣ ውሃ፣ የፊት መሸፈኛውን መረብ፣ የሞተውን ወፍ ተሸክሞ ሲመለሱ የሚጠቀለልበትን ብርቱካንማ ጨርቅ ያዝኩ። ዝንጉርጉር ሱሪህን አሳጠርኩት። ወንበሮቹንና ቦቱን ተውኳቸው፤ በምትኩ ስኒከሬን አደረግኩ። አስተማሪው ቢያየኝ ይስቅ ነበር። ግን አንተ ታውቃለህ፤ ለኛ ዋናው መምታቱ አይደለም፣ ነፍሱ ሳትወጣ ሮጦ ደርሶ ባርኮ ማረዱ ነው። ካልደረስክ በክት ነው፣ ያን ሁሉ ደክመህ ለውሻ ትሰጠዋለህ። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቢላህን ሳልኩ።

ጥቁሬን ማውለቄን ጋሽ መኮንን ሰምተው ደወሉ። ሙት ዓመቱ ሳይደርስ? ሰው ምን ይላል? አሉኝ። ጋሼ፣ ሰው የሚለውን ይበል፣ እኔ ባሌን የማስታውሰው በሻሽ አይደለም አልኳቸው። ስልኩን ዘግቼ ጥቁሩን አጥፌ ቁም ሳጥን ውስጥ ከተትኩት።

ቅዳም ሥዑር ማለዳ ቤቲ ነድታ ከሳን ሆዜ በላይ ወዳለው፣ ሁልጊዜ እንድታድን ይፈቅድልህ ወደነበረው ሰውዬ እርሻ ወሰደችኝ። መንገዱን ሙሉ «ማሚ፣ አር ዩ ሲሪየስ? የምርሽን ነው?» ስትለኝ ነበር። ከወርካ በሚሰፋ የኦክ ዛፍ ሥር ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሳጥኗን ፈተግኳት። ከሸለቆው አንድ ወንድ ተርኪ መለሰልኝ፤ ከዚያ ደረቱ ላይ ጺሙን አንጠልጥሎ፣ ጅራቱን ዘርግቶ እንደ ሙሽራ እየተጎማለለ መጣ። ተኮስኩ፣ ወደቀ። ጠመንጃውን አራግፌ ዛፉን አስደገፍኩና ሮጥኩ፤ በአርባ አምስት ዓመቴ፣ ቁልቁል፣ በስኒከር። ደረስኩበት። ደረቱ ገና ይወጣ ይወርድ ነበር። ሴት አታርድም ሲባል ነው ያደግኩት፤ እናቴ ወንድ እስኪያልፍ ዶሮ አቅፋ በር ላይ ትቆም ነበር። እኔ ማንንም አልጠበቅኩም። ወደ ምሥራቅ አዙሬ፣ በስመ አብ ብዬ አረድኩት። ከዚያ እዚያው ሣሩ ላይ ቁጭ ብዬ ጮኼ አለቀስኩ። ደረስኩ፣ ታዴ። አንተ ጋ ያልደረስኩት እኔ፣ እዚህ ደረስኩ። ቤቲ መጥታ አቀፈችኝ።

በፋሲካ ቀን ጋሽ መኮንን ምሳ መጡ። ወጡን ሳወጣ ማን አረደው? አሉኝ። እኔ አልኩ። እጃቸው እንጀራው ላይ ቆመ። ቤቲ «ጋሼ፣ ሺ ራን ላይክ ክሬዚ፣ እንደ እብድ ሮጣ፣ ባርካ ነው ያረደችው!» አለቻቸው። ወንድምህ አማተቡና ጎረሱ። ጠንከር ይላል፣ የታዴ ዓይነት ነው አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

የቀረችው ፈረሰኛዋ ነበረች። የአባወራ ነች፣ በየዓመቱ ካንተ ፊት ነበር የማኖራት። ጋሽ መኮንን ታላቅ ናቸውና ሁሉም ወደሳቸው አየ፤ እሳቸውም ከፊታቸው እንጀራው ላይ ቦታ ለቀቁላት። በጭልፋ አወጣኋትና ከራሴ ፊት አደረግኳት።

አልረሳህም ታዴዬ። ጉልበቴ እስከቻለ በየፋሲካው እዚያ ቁልቁለት ላይ እሮጣለሁ፣ ቢላህን ይዤ። ፈረሰኛህን ደግሞ አጥንቷ እስኪቀር በልቻታለሁ፤ ቅር ካለህ መጥተህ ተቆጣኝ።

ያንተው ሶፊ