ቆዳ ሲታመም ይቀላል ብዬ ላስተማርኩባቸው አሥራ አንድ ዓመታት የቀረበ ምስጋና

ለተከበሩ የቆዳ ምርምር ተቋም የሕዝብ ትምህርት ክፍል ኃላፊ፤

ይህ ደብዳቤ እርስዎንና መላ ቤተሰብዎን በሙሉ ጤንነት፣ በተለይም በጤናማ ቆዳ እንዲያገኛችሁ እየተመኘሁ ራሴን በድጋሚ ላስተዋውቅ። ተቋምዎ ለትምህርት ቤታችን በነጻ ያደለውን «ቆዳዎን ይወቁ» የተሰኘ ፖስተር ከሰሌዳው ጎን ሰቅዬ፣ በዘንግ እየጠቆምኩ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ቃል በቃል ያስተማርኩ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ስለዚህ የሚከተሉትን ቅሬታዎች ሲያነቡ ዋናው ተከሳሽ ጸሐፊው ራሱ መሆኑን እንዳይዘነጉብኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

1. በፖስተሩ ላይ ያሉት አሥራ ሁለት ሰዎች በሙሉ ነጫጭ ናቸው። እኔም ሆንኩ አርባ ስምንቱ ተማሪዎቼ አንዳቸውንም አንመስልም። ይህን ለማስተዋል አሥራ አንድ ዓመት ፈጅቶብኛል። መነጽር አደርጋለሁ፤ ጥፋቱ ግን የመነጽሩ አይደለም።

2. ፖስተሩ «ቆዳ ሲቆጣ ይቀላል» ይላል። ባለፈው ዓመት ልብስ ሰፊ የሆነችው ታላቅ እህቴ፣ የስፌት መኪናዋን ስትረግጥበት የምትውለው እግሯ አብጦ ሲጠዘጥዛት፣ የተማረ ወንድም አለኝ ብላ ወደ እኔ መጣች። እኔም በሊቅ ወግ ጎንበስ ብዬ ካየሁ በኋላ፣ አልቀላምና ኢንፌክሽን አይደለም፣ መቀመጥ ስላበዛሽ ነው ብዬ ሸኘኋት። በዚያው ሳምንት «ቆዳ ሲቆጣ ምን ይሆናል?» የሚል ጥያቄ ፈተና ላይ አውጥቼ ነበር። አንዲት ተማሪ «በእኔ ቆዳ ላይ መቅላቱ አይታይም» ብላ ስለመለሰች ዜሮ ሰጠኋት።

3. በሦስተኛው ቀን እህቴ እየተንቀጠቀጠች፣ በሰው ተደግፋ ሆስፒታል ገባች። ተረኛዋ ነርስ ሁለቱን እግሮች በእጇ ጀርባ ተራ በተራ ዳሰሰችና፣ የታመመው እንደሚፋጅ፣ ቆዳውም ተወጥሮ እንደሚያብረቀርቅና ወደ ሐምራዊ እንደጠቆረ አሳየችኝ። ይህን ሁሉ ያወቀችው ያለ ፖስተር ነው። ከዚያም «ደህና ነሽ ያላት ማነው?» ብላ ጠየቀች። እህቴ በዚያ ትኩሳት ውስጥ ሆና እንኳ «አንድ ጎረቤት ነው» ብላ ሸፈነችልኝ። ዘጠኝ ቀን ተኝታ፣ ተመስገን፣ ድና ወጣች። እኔ ግን ያን ሁሉ ቀን አልጋዋ ሥር ተቀምጬ ጎረቤት ሆኜ ሰነበትኩ።

4. ይህንኑ ገልጬ ስጽፍልዎ፣ «ሁሉንም ያካተተ» የሚል አዲስ ፖስተር በፍጥነት ልከውልኛል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያው አሥራ ሁለት ሰዎች ቡናማ ቀለም ተቀብተው፣ ሽፍታቸው ግን እንደ ቲማቲም እንደቀላ ተመልሰዋል። የአንደኛው ሰውዬ ግራ ጆሮ ሳይቀባ ተረስቷል።

ተማሪዋን በክፍሉ ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠይቄ ሙሉ ነጥቧን መልሼላታለሁ። እሷም «ምንም አይደል መምህር፣ ሳያዩን ነው» አለችኝ። ያለችው እኔን ይሁን እናንተን፣ ለመጠየቅ ድፍረቱ አልነበረኝም። እርስዎ ግን ከባልደረቦችዎ ጋር አንድ ቀን ክፍላችን ድረስ ብቅ ብለው የሰዉን ቆዳ በዓይንዎ ቢያዩልን፣ ወንበር አናጣም።

ከማይጓደል አክብሮት ጋር፣
ያልመረመረውን ሁሉ በታማኝነት ሲያከፋፍል የኖረው
የሥነ ሕይወት መምህር

ድኅረ ጽሑፍ፦ እህቴ ለሚቀጥለው ፖስተር እግሯን ፎቶ እንድታነሱት ፈቅዳለች። ቅድመ ሁኔታዋ አንድ ብቻ ነው፤ ከሥሩ የሚጻፈውን ማብራሪያ እኔም እንዳልጽፈው፣ እናንተም እንዳትጽፉት፣ ነርሷ ትጻፈው ብላለች።