ዝገት ያለ አንተ ሲጫወት

ሲሳዬ፣

ከተለየኸኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። አሁንም ጋራዡ ውስጥ ስገባ ከባንዳችሁ ድራም ጋር እንዳልጋጭ በጎን ነው የማልፈው፤ ሳሚ ድራሙን ከወሰደው እኮ ቆይቷል።

እናትህ እኔ ጋ፣ አትላንታ ዳር ሊቶኒያ ገብተዋል። ክርኑ የተቀደደው ሹራብህ ትዝ ይልሃል? ደህና ልብስ ያጣህ መስሏቸው በቀይ ጨርቅ ጠገኑልህ፤ አንተም እንዳታስቀይማቸው እንደዚያው ለብሰህ መድረክ ላይ ወጣህ። ብዙም ሳይቆይ ከፊት የሚቆሙት ልጆች ሁሉ ክርናቸው ላይ ቀይ ጨርቅ ሰፍተው መጡ። ቀን ኮሌጅ ፓርክ የኤርፖርት መንገደኞች የሚያመላልስ ሻትል እየነዳህ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ"ዝገት" ባንድ ጋር ግራንጅ የሚባለውን ጩኸታም ሮክ በአማርኛ ስትጮህ፣ ማን ይሰማቸዋል ብዬ ነበር። በኋላ ቋንቋው የማይገባቸው ፈረንጆች ሳይቀሩ ቃሉን አብረውህ ይሉት ጀመር። ማሪዬታ ውስጥም እንደናንተ ጊታር የሚያስጮሁ ልጆች በየጋራዡ በዙ።

አንተ ስትሞት ሁሉም ቆመ። ከአርባህ በኋላ ሳሚ መጥቶ፣ "ሌላ ዘፋኝ ይዘን ብንቀጥል ብለን ነበር፤ አንቺ እምቢ ካልሽ እንተወዋለን" አለኝ። እምቢ አልኩ። አንተ ቦታ ላይ ሌላ ሰው ቆሞ ማየት አልቻልኩም። እነሱም ቃሌን አክብረው ተዉት።

ባለፈው ወር እናትህ ድንገት ልጆቹ ለምን እንደማይጫወቱ ጠየቁኝ። ነገርኳቸው። ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ጎስጉሰው ይሰሙህ የነበሩት እናትህ ምን እንዳሉኝ ታውቃለህ? "ልጄ ዝም ማለት አይችልበትም ነበር። በእሱ ስም ሰው ዝም አታሰኚብኝ።" በማግስቱ ለሳሚ ደውዬ ሌላ ዘፋኝ ይዛችሁ ቀጥሉ አልኩት።

ቅዳሜ ከእናትህ ጋር ሲጫወቱ ልናይ ሄድን። የምትዘፍነው ሊያ ናት፤ ያቺ ሁልጊዜ ከፊት የምትቆመው የማሪዬታ ልጅ። አንተን ልምሰል አላለችም፤ ለራሷ እንደምታወራ ቀስ ብላ ነው የዘፈነችው። አንተ የምትጮህበት ቦታ ስትደርስ ማይኩን ዝቅ አድርጋ ዝም አለች። ደነገጥኩ። ከዚያ ቤቱ ሙሉ ጮኸልህ፣ ሲሳዬ። እናትህ እጄን ጭምቅ አድርገው ይዘው ነበር። እኔም ጮህኩ። ከቀብርህ ወዲህ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም፤ የአሁኑ ግን ለቅሶ አልነበረም።

ዛሬ ሥራ ቦታ ድምፄ ተዘግቶ ሲሰሙ ጉንፋን ይዞሽ ነው ወይ አሉኝ። አይደለም፣ ባሌን ስጠራ ነው አልኳቸው። እስካሁን አንተን ማስታወስ ማለት ዝም ብሎ መቀመጥ ይመስለኝ ነበር። ከእንግዲህ የማስታውስህ እንዲህ ነው፤ ድምፄ እስኪዘጋ።

ያንተው ማርታ