ኮሪደሩ ላይ አምስት ደቂቃ

ኅዳር 4
ስምንተኛ “ሐ” ዛሬም በሒሳብ ፈተና አፈር በላ። ጠዋት ግን እንደልማዳችን ደወሉ ሲደወል ተነስተን ጸለይን። አምስት ደቂቃ አይሞላም፤ ከዚያ ክፍሉ ጸጥ ይላል። የሚከፋው ማን ነው?

ኅዳር 6
የሚከፋው ተገኘ! ልብስ ሰፊው... የአንዷ ተማሪዬ አባት። መርፌውን ደረቱ ላይ እንደሰካ መጣ።
“ልጄ የኛ ያልሆነ ጸሎት ለምን ትደግማለች? የመንግሥት ትምህርት ቤት አይደል እንዴ?”
ደሜ ፈላ። ስድብ አላስተማርኳት! ፊት ለፊቱ ግን ፈገግ ብዬ “እሺ፣ እሷ አትጸልይም” አልኩት። ስንጸልይ ትውጣ፣ ስንጨርስ ትግባ። እንዲያውም ውለታ ነው።

ኅዳር 7
ወጣች። ገባች። አለቀ።

ታኅሣሥ 11
እናቴ ጋ ምሳ። በጨዋታ መሃል ስለ ልጅቷ ነገርኳት። ማንኪያዋን አስቀመጠች።
“ፈጣሪ ነው የሰው ልጅ ደጅ አቁሚልኝ ያለሽ?”
“እማ፣ አባቷ ነው የጠየቀው!”
“ደጅ አቁሚልኝ ብሎ?”
ሁልጊዜ ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ።

ጥር 22
የካርድ ሳምንት። ጠባይ የሚሞላው ዩኒት ሊደሩ ነው፤ እኔ እፈርማለሁ። ተማሪዎቹ ራዳር ይሉታል። ከደወል በኋላ ኮሪደር ላይ ያገኘውን ሁሉ ደብተሩ ላይ ይመዘግባል።
የልብስ ሰፊው ልጅ፦ አርባ ስድስት ቀን ማርፈድ። ጠባይ “ሲ”። ከክፍሉ አንደኛ የወጣች ልጅ! ከስምንተኛ ጎበዞቹን የሚወስደው አዳሪ ትምህርት ቤት ደግሞ ጠባዩ “ኤ” ያልሆነ አይቀበልም።
ጠራኋት።
“ቲቸር ናት ያስወጣችኝ አትይውም?”
“ብዬው ነበር። ‘ምን አጥፍተሽ?’ አለኝ።”
“እና?”
“ምን ልበለው?”
... እኔስ ምን እለው ነበር?

ጥር 23
ዳይሬክተሩ ቢሮውን ዘጋ።
“እህቴ፣ አስወጥቻት ነው ብለሽ ከጻፍሽ ጸሎቱም አብሮ ይጻፋል። ክልክል እንደሆነ ታውቂያለሽ። የኛን እምነት ሰዎች አታሰድቢ። ፈርሚና ይለቅ።”
ያውቅ ነበር ማለት ነው። ሁሉንም እያወቀ ዝም! ፈሪ። ለወንበሩ ነው የሚጨነቀው።
እኔስ? አልፈረምኩም... ግን አልጻፍኩምም። እሱን ፈሪ እላለሁ ደግሞ።

ጥር 27
ጻፍኩ። አንድ ገጽ። ዋናውን ለዳይሬክተሩ ሰጥቼ ቅጂውን ልብስ ሰፊው ሱቅ ወሰድኩ። የስፌት መኪናውን አቁሞ አነበበው። ሁለቴ።
“አርባ ስድስት ቀን” አለ። “ቤት መጥታ አንድም ቀን አልነገረችኝም።”
“ይቅርታ ያድርጉልኝ።”
“አትጸልይ አልኩ እንጂ ትባረር አልኩ፣ እመቤቴ?”
መልሶ መስፋት ጀመረ። አፍሬ ወጣሁ።

የካቲት 3
ጠባይዋ “ኤ” ተብሎ ታረመ። ለአዳሪ ትምህርት ቤቱ የታጩት ስም ዝርዝር ግን ከተላከ አራት ቀን አልፎታል። የሷ ስም የለበትም። ዘንድሮ ሌላ ዝርዝር አይላክም። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ... የኔ ነገር! ጥር 23 ጽፌ ቢሆን ትደርስ ነበር። ራሴን ጠላሁት።
ለኔም ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። መምህራን ማረፊያ ስገባ ወሬው ይቆማል። ይቁም።

የካቲት 6
አዲስ መንፈቅ ዓመት። ደወሉ ተደወለ። ሁሉም ተነስተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ጠበቁኝ።
“ተቀመጡ።”
“ቲቸር፣ ረሱት እንዴ?”
“አልረሳሁም። ቤቴ ጸልዬ ነው የመጣሁት።”
የልብስ ሰፊው ልጅ ወንበሯ ላይ የለችም። ቀረች እንዴ? በሩን ከፈትኩ። ግድግዳውን ተደግፋ፣ ቦርሳዋን አቅፋ ቆማለች። ማንም ውጪ አላላትም።
“ጨረሳችሁ?” አለችኝ።