ሪቫን ፊት የቆሙት አሥራ አራት ደቂቃዎች

ጥር 24 ቀን 2003 ዓ.ም.
ንፋስ መውጫ

ለተከበራችሁ የተራራ ማራቶን አዘጋጅ ኮሚቴ አባላት፣ በተለይም ለሰብሳቢያችን ለአቶ ወልደ ጊዮርጊስ፤

እንደምን ሰነበታችሁ? ፈጣሪ ወገባችሁን ከረጅም ስብሰባ፣ ጉሮሯችሁን ከረጅም ንግግር ይጠብቅልን። እኛ ልጆቻችሁ ያለፈው እሑድ ካደረሰብን በቀር ደኅና ነን። ለድካማችሁ ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እንዳልባል ይህን ጽፌያለሁ።

1. ስለ ውሃው አመሰግናለሁ። በየአምስት ኪሎ ሜትሩ ውሃ እንደሚኖር ለጥፋችሁ ነበር። ሯጮቹ እስከ ጉና ግርጌ ደርሰው ሲመለሱ፣ ትንፋሽ እንኳ ተቆጥሮ በሚገኝበት በዚያ ከፍታ፣ ያገኙት የምንጭ ውሃ ብቻ ነው። ሃይላንዱ ሁሉ በክቡር እንግዳው ጠረጴዛ ላይ ተሰልፎ ሳይ ግን ገባኝ፤ ለካ ጥላ ሥር መቀመጥም ያስጠማል።

2. ስለ ምክራችሁም እንዲሁ። የክፍል ጓደኛዬ ሩታ ለመመዝገብ ስትመጣ ከመካከላችሁ አንዱ «ሴት ልጅ ይህን ሁሉ ዳገት ሮጣ ማንን ልትይዝ ነው?» ብለዋት ነበር። እርግጥ ማንንም አልያዘችም፤ ወንዶቹ ሁሉ ከኋላዋ ነበሩ።

3. መጨረሻው መስመር ላይ ወደ ተወጠረው ሪቫን ልምጣ። በከተማችን ሪቫን የሚያውቀው መቀስን ነው። ቧንቧ ሲመረቅ፣ ወፍጮ ቤት ሲመረቅ፣ እንግዳ ሳይቆርጠው ያለፈ ሰው የለም። ስለዚህ የልብሷን ፌስታል ይዤ መጨረሻው ላይ ስጠብቃት፣ ሩታ ሩጫው በተጀመረ በሦስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ሪቫኑ ጋ ስትደርስ፣ አቶ ወልደ ጊዮርጊስ እጃቸውን ዘርግተው «ቆይ እንጂ አንቺ ልጅ፣ ክቡርነታቸው ንግግር ላይ ናቸው፤ ሳይቆርጡት ወዴት ነው?» ማለታቸው አልገረመኝም። ጨዋ ልጅ ናትና ቆመች። ከተመልካቹ መካከል አባ ቀለመ ወርቅ ብቻ አዝነው «ኧረ ይቺን ልጅ ብርድ ይመታታል» እያሉ ጋቢያቸውን ደረቡላት። ክቡር እንግዳው ወጣቱ መፍጠን እንዳለበት በሰፊው ሲያስረዱ ሁለተኛውና ሦስተኛው ሯጭ ደርሰው ከጎኗ ተሰለፉ። ከጭብጨባው በኋላ መቀሱ በትሪ መጣ፤ ተቆረጠ፤ ሦስቱም ቀስ ብለው እየተራመዱ ገቡ። መዝገባችሁም ሦስት ሰዓት ከአሥራ ስምንት ደቂቃ አለ።

ዋንጫዋን ሰጥታችኋታል፤ እግዜር ይስጥልን። ችግሩ ባሕር ዳር ያለው ማሠልጠኛ ዋንጫ አይጠይቅም። የሚቀበለው ከሦስት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ በታች የገባችን ነው፤ ምዝገባውም ዓርብ ይዘጋል። ሩታ ትናንት ሰዓቷ እንዲታረም ቢሯችሁ ብትመጣ «ልጄ፣ ማኅተም ከተመታ በኋላ ሰዓት ወደ ኋላ አይሄድም» ተብላ ተመልሳለች። ከትምህርት ቤት ቤቷ ሁልጊዜ በሩጫ የምትገባውን ልጅ፣ ስትራመድ ያየኋት ትናንት ነው።

የምለምናችሁ አንድ መስመር ነው፦ «ሩታ ሪቫኑ ጋ የደረሰችው በሦስት ሰዓት ከአራት ደቂቃ ነው»። ለማኅተሙ ቀለም ካለቀባችሁ እኔ ይዤ እመጣለሁ።

ዳገቱ ሁሉ ሜዳ፣ ስብሰባው ሁሉ አበል ያለው እንዲሆንላችሁ እየተመኘሁ፣ መቀሱ እስኪመጣ በትሕትና ቆሜ የምጠብቅ ልጃችሁ፣

ጌጤ አላምረው
የአሥረኛ ክፍል ተማሪ

ማሳሰቢያ፦ ክቡር እንግዳውን እንዲቀርጽ የቀጠራችሁት ሞላ ሃያ ደቂቃውን ንግግር አንድም ቃል ሳያስቀር ቀርጾታል። ከስድስተኛው ደቂቃ ጀምሮ ሩታ ከክቡርነታቸው ትከሻ ጀርባ ጋቢ ለብሳ ቆማ ትታያለች። ቅጂውን ዛሬ ጠዋት በባሕር ዳር ሚኒባስ ለማሠልጠኛው ልኬዋለሁ። ደብዳቤያችሁ ቀድሞት ቢደርስ ለእናንተው ይሻላል። ካልሆነም ክቡርነታቸው ደስ ይበላቸው፤ ንግግራቸውን እስከ መጨረሻው በጥሞና የሚሰማ ሰው አግኝተዋል፤ ያውም ሰዓት ይዞ።